ከአጥሩ ወዲህ የቀረ ጉብኝት

ጡረታ የወጣሁት በደብዳቤ ነው፤ የተተካሁት ግን በስልክ ነው። በሕፃናት ደኅንነት ሥራ ላይ ያሉ ሱፐርቫይዘሮች የበታቾቻቸውን እንዴት እየደገፉ እንደሚያበቁ፣ በዛፍ ጥላ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ያንን ትምህርት ዛሬ ድምፀ መልካም የሆነች ሴት በስልክ ታስተምረዋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። ስጨርስ በስልኩ መስኮት ላይ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ብቁ ሆነዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከአንድም አለቃ አንደበት ያልሰማሁትን ቃል ከመሣሪያ አገኘሁ። አልከፋኝም። እንዲያውም ጥቂት አስቆኛል፤ እኔን ማሳቅ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ይህን የምጽፈው ስልኩን ለመክሰስ አይደለም። ትምህርቱ ንጹሕ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ጥቂት የማይባሉት የእኔ ናቸው። የምጽፈው በዚያ ትምህርት ውስጥ ቦታ ስላላገኘ አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ንያማል የምትባል ልጅ የት ትኑር የሚል ነበር። ለመሳሳት ምን ያህል እንደ ተቃረብን፣ ከስሕተቱም እንዴት እንደ ተመለስን የምናውቅ ሰዎች ጥቂት ነን። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ወደ ጋምቤላ እንዴት እንደ መጣሁ መናገር ይኖርብኛል።

የመጣሁት ተገፍቼ ነው። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት አስተምር ነበር። ሦስተኛ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ የክፍሉ ኃላፊነት ለአንድ ወጣት ተሰጠ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ያረምኩለት እኔ ነበርኩ። ምክንያቱን ስጠይቅ ዲኑ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ሰው ግን ይፈራሻል» አሉኝ። በቅንነት የተነገረኝ ብቸኛው ምክንያት ስለ ሆነ አከበርኩት። ይቅር ግን አላልኩም፤ ዛሬም አላልኩም። በዚያው ሰሞን በጋምቤላ ክልል አንድ ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ወጣ። ደመወዙ የበረሃ አበል ተጨምሮበት እንኳ ከቀድሞው ያንስ ነበር። ተወዳዳሪ ስላልነበረኝ አለፍኩ።

የመጀመሪያ አለቃዬ ወይዘሮ አሪያት በክልሉ ቢሮ የሕፃናት ጉዳይ ክፍልን ይመሩ ነበር። አኙዋክ ናቸው፤ ከነርስነት ተነሥተው ሁለተኛ ዲግሪ ድረስ ተምረዋል፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን ይመራሉ። የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጠው አዩና ቀና አሉ።

«ስምሽ ምሕረት ነው?»

«አዎን።»

«ፊትሽ ግን ፍርድ ቤት ነው። ግድ የለም፤ ሰው የሚፈራው ፊት ሳይሆን ጠረጴዛ ነው። ወንበርሽን ይዘሽ ውጪ።»

ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ ቢሮ በቆየሁባቸው ዓመታት ወይዘሮ አሪያት የአንድም ሠራተኛ ሪፖርት ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ አላየሁም። ከቢሮው በስተጀርባ ባለው ማንጎ ሥር ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም ወደ መንገዱ ይዞራሉ። ሠራተኛው ሲናገር እሳቸው ጨሌ ይሰካሉ። ዓይናቸው በክሩ ላይ ስለሆነ፣ ተናጋሪው ፊታቸውን እያነበበ መልሱን ማሳመር አይችልም። ጣታቸው ሲቆም ግን አንድ የሚጠቅም ነገር እንደ ተናገረ ያውቃል፤ በዚያው ይቀጥላል። «በአጠቃላይ ልጁ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የሰኩትን ሁሉ ወደ ጨሌው ጣሳ መልሰው ያፈሱታል።

«በአጠቃላይ የሚባል ልጅ ወልጄም አዋልጄም አላውቅም» ይላሉ። «እንደገና፤ ከበሩ ጀምር።»

ከበሩ መጀመር ማለት ይህ ነው፦ የት ቆመህ ነበር? ማን ወጣ? ማን ቀድሞ ተናገረ? ማን ዝም አለ? ልጁ ከማን ጀርባ ነበር? ሰዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ሳይቆሙ «ለምን» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ከመጣ ሠራተኛው ያየውን ትቶ ራሱን ለመከላከል ይሰለፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጥብቅና እንጂ ወሬ አይደለም።

አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ ስትንተባተብ ትዕግሥቴ አለቀና መልሱን እኔ ተናገርኩላት። ወይዘሮ አሪያት መርፌና ጭብጥ ጨሌ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ሠራተኛዋ ስትሄድ «አፍሽን ሲበላሽ ስኪ» አሉኝ። ብዙ ሰካሁ። የሰካሁት ሁሉ አስቀያሚ ነበር፤ «ይህንን ላም እንኳ አታስረውም» ብለው ለሠራተኞቹ ያሳዩ ነበር።

መጻሕፍቱ በብዙ ምዕራፍ የሚያወሩት ነገር በዚያ ማንጎ ሥር በየቀኑ ይሠራል። ሥርዓት ያለው ትምህርት አድርጎ ያዋቀረው ግን ማንም አልነበረም። ያንን ልማድ ደረጃ በደረጃ ፈትቼ ሌላ ሰው ሊማረው በሚችል መልክ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ይህን በትሕትና አልናገርም። ወይዘሮ አሪያት ያዘጋጀሁትን አነበቡና «እኔ ይህን ያህል ብልህ ነኝ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ አቦቦ ሲመለሱ፣ እኔ በስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ በሕፃናት ጉዳይ ወደሚሠራ አንድ ድርጅት ተዛወርኩ። ተማሪዎቼ የጀዊና የኩሌ መጠለያዎች ሱፐርቫይዘሮች ሆኑ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልነካኝም። ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ መጣ፤ ከመመሪያው ጋር አቶ ዳዊት የሚባል የሥልጠና ኃላፊ መጣ።

አቶ ዳዊት ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በወረቀት ሲያራግብ «ዐይናችንን እንጨፍን፤ ትንፋሻችንን እናዳምጥ» አለ። ከኋላ የተቀመጡት አዳምጠው አዳምጠው ሁለቱ አንኮራፉ። ከዚያ ሕጉን አስቀመጠ። ጥሩ አሠልጣኝ መልስ አይሰጥም፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄም አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ዝግ ጥያቄ ነው፤ ሰውየውን ይዘጋዋል። «ምን ይሰማሃል? ምን ተማርክ?» የሚሉት ግን ክፍት ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ አዘዘ። ከጀዊ የመጣ አንድ ሱፐርቫይዘር ጓደኛውን በጥብቅ ትኩረት ተመለከተውና ጠየቀ።

«ምን ይሰማሃል?»

«ራሴን። ከትናንት ጀምሮ። ወባ ሳትሆን አትቀርም።»

«ከዚህስ ምን ተማርክ?»

«አጎበር መዘርጋት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ዳዊትም አብሮ ሳቀ፤ ይህ ያስመሰግነዋል። እኔ እጄን አነሣሁ።

«ልጁን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ብሎ መጠየቅም ይዘጋል?»

«ዶክተር፣ እሱ እኮ ቁጥጥር ነው። እኛ የምናስተምረው ኮቺንግ ነው፤ ሰውየው መልሱን ራሱ እንዲያገኝ መርዳት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱፐርቫይዘሮች የሥራ ምዘና በዚያ መመሪያ ሆነ። ምን ያህል ክፍት ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ ነጥብ ይሰጣል፤ ስለ ልጁ ምን አወቀ የሚል መለኪያ ግን አልነበረም።

ያን ጥያቄ ለወባ ታማሚው ያቀረበው ሱፐርቫይዘር ጋትሉዋክ ይባላል። የጋምቤላ ከተማው የኒውላንድ ሰፈር ልጅ ነው፤ ኑዌር፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በር ሲያይ ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም ሰው። ካስተማርኳቸው ሁሉ ብርቱው እርሱ ነበር። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል፦ የተነገረውን ሁሉ በትክክል ይፈጽማል። በሥሩ ከሚሠሩት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አንዱ ቾል ነበር፤ የኢታንግ ሰው፣ ቀልደኛ፣ ትዳሩን ከጀዊ የመሠረተ። ድርጅቱ ሠራተኛንና ቤተሰብን በቋንቋና በትውልድ ማዛመዱን እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጥረው ነበር። እኔም ነቀፌታ አልነበረኝም።

ንያማል በዚያን ጊዜ ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚጠጋት ልጅ ነበረች። ድንበሩን የተሻገረችው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ከቤተሰቧ አንድም ሰው አልተገኘም። ጀዊ ውስጥ ንያዳክ ለተባሉ፣ ስማቸው በመልካም ለሚነሣ አሮጊት በአደራ ልጅነት ተሰጠች። እንዲከታተላት ቾል ተመደበ። አንድ ቀን ጋትሉዋክ ቾልን ስለዚህ ቤት ሲያነጋግረው ከጎናቸው ተቀምጬ አዳመጥኩ።

«ጉብኝቱ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ምን ጥሩ ነገር አየህ?»

«ልጅቷ ደህና ናት።»

«ከዚህ ምን ተማርክ?»

ቾል ረጅም ጊዜ አሰበ። «ትዕግሥት» አለ።

ጋትሉዋክ ፈገግ ብሎ አመሰገነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች በጨዋነት ተለያዩ። በዚያ ንግግር ውስጥ በር አልነበረም፤ ድስት አልነበረም፤ የተቀመጠም የቆመም ሰው አልነበረም። ቾል ሲሄድ «ቤቱ የት አለ?» ብዬ ጋትሉዋክን ጠየቅሁት። መመሪያውን ገልጦ ገጹን አሳየኝ። እዚያ ላይ «የትም የለም» ማለት ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን ጨዋ ነው። በማግሥቱ ለአቶ ዳዊት ሥጋቴን ዘርዝሬ ጻፍኩ። የፈገግታ ምልክት ያለበት ምስጋና መለሰልኝ።

በክረምቱ ንያማል ጠፋች።

የተገኘችው ኩሌ ውስጥ ማርታ በምትባል ሴት ቱኩል፣ በሣር ጎጆዋ ነው። ማርታ ዘመዷ አይደለችም፤ ወደ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ አብረው የተጓዙ ናቸው። የልጅቷ ቀኝ መዳፍ ተቃጥሎ ያለ ሕክምና የዳነ ጠባሳ ነበረበት። ቀስ በቀስ ሌላው ተሰማ። ንያዳክ ቤት ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ የምታበስለው እርሷ ነበረች፤ ውኃ የምትቀዳውም እርሷ። ለእርሷ በተሰጠው ዩኒፎርም ትምህርት ቤት የምትሄደው የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ነበረች። ይህን የነገረችን ማርታ ናት። ንያማል ራሷ ከእኛ ወገን ሰው በመጣ ቁጥር አጎበር ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በሥራ ዘመኔ ከባዱ ውድቀት ይህ ነው። ጨካኝ ሰው በየአገሩ አለ፤ ጭካኔው ብቻውን የእኛ ውድቀት አይባልም። ውድቀቱ ሠራተኛ፣ ሱፐርቫይዘር፣ አሠልጣኝና መመሪያ ተደራርበው እያሉ፣ አራቱም በሰላም እየተጨዋወቱ፣ አንዲት ልጅ በመካከላቸው ያለ ድምፅ ማለፏ ነው።

ድርጅቱ በፍጥነት ወሰነ፤ ያፈረ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ፈጣን ነው። ቾል በሐሰት ሪፖርት ታግዶ ሊሰናበት፣ ንያማል ደግሞ ወደ ጀዊ ተመልሳ ሌላ አደራ እናት ሊፈለግላት። ማርታ ዘመድ አይደለችም፤ የልጅቷም ራሽን፣ የእርዳታ እህሏ፣ የሚወጣው ጀዊ ነው። ስለ ልጅቷ ኩሌ ላይ የሚሰበሰበው ኮሚቴ ውሳኔውን ሊለውጠው የሚችለው ልጅቷ ራሷ ፍላጎቷን ከተናገረች ብቻ ነበር። አትናገርም። ወደ ጀዊ ከመለስናት እንደገና እንደምትጠፋ፣ በዚያ ዝናብና በዚያ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ እንደማይቀናትም የሚገምት ሰው ብልህ መሆን አያስፈልገውም።

ከስብሰባው አስቀድሞ ጋትሉዋክ እቤቴ መጣ። የምኖረው ሐጂ ሰይድ ከሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ በተከራየሁት ቤት ነው። ሐጂ ከሱቃቸው ሆነው ጮኹ።

«ዶክተር! ያ ረጅሙ ልጅ መጥቷል። ጉበኔን ሳይነቅለው ቶሎ ያስገቡት!»

ጋትሉዋክ ጎንበስ ብሎ ገባ። አልተቀመጠም።

«ዶክተር፣ ቾል ዋሽቶኛል። የስንብቱን ወረቀት ነገ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«መመሪያህስ?»

«ቢሮ ረሳሁት።»

ጋትሉዋክ ዕቃ የሚረሳ ሰው አይደለም። ስለዚህ ወንበር ሰጠሁት።

«ከበሩ ጀምር» አልኩት። «ምን ተሰማህ አትበለው፤ ለምን አትበለው። የት እንደ ቆመ ጠይቀው። ዋሸም አልዋሸም፣ ልጅቷን ያየ ሰው እርሱ ብቻ ነው።»

«አዎ ወይም አይደለም ብሎ ቢመልስስ?»

«አንድ ነገር አወቅህ ማለት ነው።»

በማግሥቱ ጀዊ ባለው ቢሯችን ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ለእኔ ከኋላ አንድ አኖረልኝ። ቾል ሊባረር የመጣ ሰው ነውና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በእኔ ምክንያት በአማርኛ ተነጋገሩ።

«ቾል፣ ንያዳክ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?»

«አልገባሁም።»

ወዲያው መለሰ፤ ሳይደብቅ፣ ሳይፈራ። ጋትሉዋክ ወደ እኔ ሊዞር አለና ተወው።

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።» ቾል ወንበሩ ላይ ተንጠራራ። «አንተ ኑዌር አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«የኒውላንድ ኑዌር!» አለ ቾል። «ባጃጅ እየተሳፈርክ ያደግህ። ንያዳክ እኮ የሚስቴ እናት እህት ናት። ለእኔ አማት ናት። እኔ እሷ ቤት ገብቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ድስቷን ልይ? ሚስቴ ምን ትላለች? ሰው ምን ይላል?»

ጋትሉዋክ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ነገሩን ያውቀዋል፤ ማንኛውም ኑዌር ያውቀዋል። ሰው አማቱን ከሩቅ ያከብራል፤ ፊት ለፊቷ አይዘባነንም፤ ጓዳዋን አያይም። ቾል፣ ጋትሉዋክ ይህን ዐውቆ እንደ መደበው ያምን ነበር። ጋትሉዋክ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ዝምድና ቢኖር ቾል ይነግረኛል ብሎ ያምን ነበር። በቋንቋና በትውልድ ያዛመድናቸው እኛ ነን፤ ያንን ቤት መግባት ከማይችሉት ሰዎች አንዱን መርጠን የላክነውም በዚሁ ጥበባችን ነው።

«ታዲያ ልጅቷን እንዴት አየሃት?»

«በአጥሩ። ስሟን እጠራለሁ፤ ትወጣለች።»

«ብቻዋን?»

«አሮጊቷ በሩ ላይ ትቆማለች። እኔ ወደ መሬት አያለሁ፤ አማቴ ናት።»

«አንተ ምን ትላታለህ?»

«ደህና ነሽ? እላለሁ። ደህና ነኝ ትላለች። እሱን ነው የጻፍኩት። አልዋሸሁም።»

ጋትሉዋክ እጆቹን ከራሱ ላይ አወረደ። እኔ አፌ በላኝ፤ ጣቶቼን አቆላልፌ ያዝኩ፤ ጨሌ ቢኖረኝ እሰካ ነበር። ከዚያ ማንኛውም መመሪያ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀው።

«እሷስ? አንተን የምትጠይቅህ ነገር አለ?»

«እሷማ ሁልጊዜ ስለ መኪና ነው» አለ ቾል፣ እንደ ተራ ነገር። «ወደ ኩሌ የሚሄደው መኪና መቼ ነው? ለልጅ ያስከፍላል? ዝናብ ከሆነ ይቀራል? እኔ መኪና የምትወድ ልጅ ናት ብዬ ነበር።»

የስንብቱ ወረቀት ጋትሉዋክ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ስብሰባው ኩሌ ውስጥ በቆርቆሮ አዳራሽ ተደረገ። ሰብሳቢው ከመንግሥት ወገን የመጡ፣ ፈጥነው መጨረስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ንያማል ማርታ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጎማ ጫማዋን ታያለች።

«ልጅቷ ካልተናገረች በሰነዱ መሠረት ወደ ጀዊ ትመለሳለች» አሉ ሰብሳቢው።

«ከእሷ በፊት ቾል ይናገር» አለ ጋትሉዋክ።

«ቾል ታግዷል።»

ማርታ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች። ጋትሉዋክ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተረጎመ። «‹አፉም ታግዷል ወይ?› ትላለች።»

ሰብሳቢው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ቾል ተነሥቶ ተናገረ። አማቱን፣ አጥሩን፣ የመኪናውን ጥያቄዎች ሁሉ አንድ በአንድ አቀረበ። ራሱን አልተከላከለም።

«ይህን ለምን በሪፖርትህ አልገለጽከውም?» አሉ ሰብሳቢው።

«እኔ ምን እንደ ተማርኩ፣ ምን እንደ ተሰማኝ ነው የሚጠይቁኝ» አለ ቾል። «እሷ ምን እንደ ጠየቀች ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ትናንትና።»

ንያማል በዚያን ጊዜ ቀና አለች። ቾልን እያየች፣ በፍጥነት፣ በቁጣ ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ኑዌር ሁሉ ሳቀ። ቾል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ሲጠይቅ እኛ ሌሎቹ ጋትሉዋክን እንመለከት ነበር።

«‹መኪናው ጠዋት ነው ብለኸኝ ነበር› ትላለች። ‹ከቀትር በኋላ ነው የመጣው። ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ።›»

«ጎማ ፈንድቶ ነው» አለ ቾል።

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የት መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት። እዚህ አለች፤ ማርታ ጋ፤ ትምህርት ቤት እዚህም አለ። ማርታ ዘመድ አይደለችም አሉ ሰብሳቢው፤ ድምፃቸው ግን ጥያቄ ነበር። ማርታ በራሷ አማርኛ መለሰች፦ «መንገድ ላይ ዘመድ ማን ነበረ?» ሌላ ሠራተኛ ሴት እንመድብልሻለን ሲሏት ንያማል ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ቾል ይምጣ አለች፤ ግን አጥር ላይ ቆሞ ስሜን አይጥራ፤ ሰው ይሰማል።

ቾል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ኩሌ ተዛወረ። ልጅቷ ማርታ ጋ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እኔ ያሠለጠንኳቸው ሱፐርቫይዘሮች ለሠራተኛ ቤተሰብ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ እዚያ ቤት ገብተህ መቀመጥ ትችላለህ? ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ እየሳቁ ይመልሳሉ፤ አንዳንዴም ሳቃቸውን አቁመው የሚጎበኙትን ቤት ይለዋወጣሉ። ጥያቄውን በአዲሱ ትምህርት ውስጥ እንዲያስገባው ለአቶ ዳዊት ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «ዶክተር፣ ይህ እኮ ዝግ ጥያቄ ነው» አለኝ። አሁን እርሱ የስልኩ ትምህርት ኃላፊ ሆኗል፤ ይገባዋል። እኔ ጋምቤላ ቀርቻለሁ፤ ይህም ይገባኛል። አመሻሽ ላይ እስከ ባሮ ድልድይ እሄዳለሁ፤ የባጃጅ ልጆች «ዶክተር» እያሉ ያልፋሉ፤ ከተማሪዎቼ አንዱ ቸግሮት ሲመጣ ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ሆነው ቁመቱን እየገመቱ ይጠሩኛል። ለአዲስ አበባው ዲን ምስጋና አልልክላቸውም፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ነገር አላደረጉልኝም።

ከስብሰባው በኋላ ቾል ማርታን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጎበኝ ሲሄድ ጋትሉዋክና እኔ አብረነው ሄድን። እንደ ደንቡ ሱፐርቫይዘር ሥራውን መመልከት አለበት፤ እኔም ሱፐርቫይዘሩን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማርታ ውጭ ልብስ ትዘረጋለች። ቾል ከቱኩሉ በር ደረሰና ቆመ፤ ልማድ ነው። ንያማል ከውስጥ ጮኸችበት። ጋትሉዋክ መተርጎም አላስፈለገውም፤ ቾል ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። የጀሪካን መጎተት ሰማን፤ ወንበር ተሰጠው ማለት ነው።

ጋትሉዋክ ሊከተል አንድ እርምጃ ሲራመድ ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ አለች። እርሱን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ቀጥላም እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችን። አንድ ቃል ተናግራ ተመለሰች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«‹እናንተ እዚያው ቆዩ› ነው ያለችው።»

ቆየን። ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ታወራለች፤ ቾል ጥቂት ይመልሳል። አንዴ ሁለቱም ሳቁ። ጋትሉዋክ አንገቱን ወደ በሩ አሰገገ።

«ምን እየተባባሉ ነው?» አለ በሹክሹክታ። «ልጠጋ እንዴ?»

«ተው» አልኩት። «ሲወጣ ትጠይቀዋለህ።»